አንድ እፍኝ ቂሽር

ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ ስንት ዓመቴ፤ ሰው "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲለኝ ግን እስካሁን መልሱ ይጠፋኛል። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ፣ የጽዳት ሠራተኛ ይላል። ሳዑዲ፣ ጂዛን ከተማ ያለው ኮሌጅ የገባሁትም ወለል ልወለውል ነበር። ግን እጄ አያርፍም፤ ያየሁትን ካልነካሁ ያመኛል። ወለል ስወለውል ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ፣ ብርጭቆ ሳጥብ ቅጠል መፍጨት፣ ቅጠል ስፈጭ ማጣራት። አንድ ቀን ዞር ስል ማሽን አልዞር ሲል የምጠራው እኔ፣ አሞኒያው የት እንደገባ የምጠየቀው እኔ ሆኛለሁ። ወሎ ላለችው እህቴ ስደውል ኬሚስት ሆኛለሁ እላታለሁ። እሷም ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ የወደቅከው አንተ አልነበርክም እንዴ ብላ ታስታውሰኛለች። እህት እንዲህ ናት፤ የወደቅከውን አትረሳልህም።

የማወራው ስለ አንዲት ተማሪ፣ ስለ አንድ ሽማግሌና ስለ ራሴ ጥፋት ነው። አንዲት ፍየልም አለችበት፤ ቦታዋ ሲደርስ ትመጣለች።

ተማሪዋ የጂዛን ልጅ ናት፤ ለዶክትሬት የምትማር። ከመጀመሪያው ቀን "ዶክቶራ" እያልኩ ስጠራት ትቆጣኝ ነበር። ገና አልሆንኩም፣ አፍህን ያዝ ትለኛለች። እየለመድኩ ነው እላታለሁ። ሥራዋ የአካባቢው ሰው ለመድኃኒት ከሚቀጥፋቸው ቅጠሎች አልካሎይድ ማውጣት ነው። አልካሎይድ ማለት፣ እኔ እንደገባኝ፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው መራራው ነገር ነው፤ በላተኛ እንዳይደፍረው ተክሉ ለራሱ የሚያዘጋጀው። ሲበዛ መርዝ ነው፣ ሲመጠን መድኃኒት። ኪኒንን መራራ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ቡናም እንቅልፍ የሚነሳው በእሱ ነው።

ችግሩ፣ እሷ የምትፈልገው ማንም ከዚህ በፊት ያላገኘውን ነው። ሁለት ተክል ሞክራ ሁለቱም ዓለም የሚያውቀውን ብቻ ሰጧት። አስተማሪዋም ቁርጡን ነገራት። ከሦስተኛው ተክል እስከ ረመዳን አዲስ ነገር ካልወጣ ርዕሱ ይሰረዛል፤ የሦስት ዓመት ልፋቷ ውሃ በላው ማለት ነው። ያን ሰሞን ምሳ እንኳ አትበላም ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ሲከፋው አይቼ ዝም ማለት አልችልም፤ ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ካልሰጠሁ አይሆንልኝም። ሦስተኛውን ተክል የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ዳማድ አካባቢ፣ ማሽላ ከሚዘራበት ወዲያ ማዶ፣ የአሠሪያቸውን፣ የከፊሉን፣ ፍየሎች የሚጠብቁ የወሎ ሽማግሌ አሉ። አያ እላቸዋለሁ። አገራቸው ከእኔ አገር የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። የመንን አቋርጠው የገቡት እኔ ሳልመጣ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኢቃማ የሚባል ነገር በእጃቸው ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ ፖሊስ እንዳይዛቸው አስፋልት አይወጡም፣ ገበያ አይወርዱም፣ አቡ ዓሪሽ ያለውን ክሊኒክ በወሬ ነው የሚያውቁት። ዓለማቸው ፍየሎቹና ሸለቆው፣ ሌላው ደግሞ ዓርብ ዓርብ ስኳርና የባትሪ ድንጋይ ይዘን የምንጠይቃቸው እኛ የአገራቸው ልጆች ነን።

አንድ ዓርብ ሆዴ ተበላሽቶ መሬት ላይ ተጋደምኩ። አያ አንዲት አመድማ ቅጠል ከቂሽር ጋር አፍልተው አጠጡኝ። ቂሽር የቡና ገለባ ነው፤ እዚህ ጂዛኖቹም የመኖቹም ያፈሉታል፣ እኛም ለምደነዋል። ያቺ ቅጠል ምሬቷ! ምላሴ ሁለት ቀን ደነዘዘ። ሆዴ ግን ቀጥ አለ። አያ "መራሪት" ይሏታል፤ በላቲን ስሟ ረጅም ነው፣ ልጽፈውም አልችልም። ይህን ለዶክቶራ ስነግራት ዓይኗ በራ። አንድ ጆንያ ደረቅ ቅጠል ፈለገች፣ በጥላ የደረቀ፣ ሌላ ምንም ያልገባበት። ምንም ማለት ምንም ነው፣ ገባህ? አለችኝ። ሦስት ጊዜ ነው ያለችኝ፤ እኔም ሦስት ጊዜ ገብቶኛል አልኩ።

አያ ጆንያውን ጢም አድርገው ሞልተው ጠበቁኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ልሸከም ስል ቆይ አሉኝ። ቢስሚላህ ብለው ትንሽ ዱዓ አጉተመተሙ። ከዚያ ከኪሳቸው የፌስታል ቋጠሮ አውጥተው አንድ እፍኝ ቂሽር ዘግነው ጆንያው ውስጥ በተን አደረጉና አገላበጡት። መድኃኒት ባዶውን አይሰጥም፤ እሳቸው ዘንድ ወጉ እንዲህ ነው። አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ሽማግሌ መርቆ የሰጠህን ነገር ይቺን ያውጡልኝ ትለዋለህ? እኔ እንዲያ አላደግኩም። ደግሞስ ከአንድ ጆንያ ውስጥ አንዲት እፍኝ ምን ታደርጋለች አልኩ በሆዴ።

ላብራቶሪ ስገባ ዶክቶራ ቅጽ ሰጠችኝ። ቅጠሉ ከየት መጣ፣ ማን ለቀመው፣ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል ወይ? "የለም" ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ ስፈጨው ገለባው እዚህም እዚያም ሲታየኝ ልልቀመው አልኩና ጥቂት ለቃቀምኩ። ሙቀቱ ሙቀት አይደለም፣ አየር ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል፣ ወፍጮው እየጮኸ ነው። ተውኩት። ስንፍናዬን ሳልደብቅ ነው የማወራው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደስ ይላል። ዱቄቱን አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈህ ታጣራለህ፤ አሲድ ጨምረህ መራራውን ውሃው ውስጥ ታስገባዋለህ፤ ከዚያ አሞኒያ ጨምረህ ታስደነግጠውና በሌላ ፈሳሽ ስትንጠው ከውሃው ወጥቶ ወደዚያ ይሸሻል። ፈሳሹን በሚዞረው ጠርሙስ ስታተን ቂጡ ላይ የምትፈልገው ይቀራል። መናጡን እኔ ነበርኩ የምሠራው። እናቴ ቅል ስትንጥ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ዶክቶራ ከመጽሐፍ የተማረችውን እኔ ከወገቤ አውቀዋለሁ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ብልቃጡ ውስጥ ነጭ መርፌ በቅሎ አገኘን። ቀጫጭን፣ እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ መርፌ፣ እርስ በርሱ የተቃቀፈ። እንዲህ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ዶክቶራ ብልቃጡን በመስኮት ብርሃን እያዞረች ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ስትል ቆየች። ከመርፌው ጥቂት አሟሟችና ከተረፈው ፈሳሽ ጋር ነጭ ሰሌዳ ላይ ነጠብ ነጠብ አድርጋ፣ አልካሎይድ ሲነካው ብርቱካናማ የሚሆነውን ቀለም ረጨችበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አየሁ። የመርፌው ቦታ ቀለሙን እምብዛም አልያዘም። ከእሱ በታች፣ ከተረፈው ፈሳሽ የመጣች አንዲት ትንሽ ነጠብጣብ ግን ቦግ ብላ በራች። ይቺ ደግሞ ምንድን ናት ብላት፣ ቆሻሻ ትሆናለች፣ ብዙ ነገር አትጠይቅ አለችኝ። ደስታ ላይ ናት፣ ምን ታድርግ። ሰሌዳውን ፎቶ አነሳችው፣ መርፌውንም ትላልቅ መሣሪያ ወዳለበት ሌላ ከተማ ላከችው። እናቷም ባስቡሳ የሚሉትን ጣፋጭ ጋግራ ላከችልን፤ ግማሹን የበላሁት እኔ ነኝ።

መልሱ ሲመጣ ረጀብ ገብቷል። ለረመዳን ሁለት ወር ቀርቷል። ዶክቶራን ኮምፒዩተሩ ፊት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኘኋት። መርፌው ካፌይን ነው። ቡና ውስጥ ያለው፣ ሻይ ውስጥ ያለው፣ ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ካፌይን።

ያቺ አንድ እፍኝ ቂሽር ትዝ አለችኝ። እሷ ግን ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራች። አስተማሪዋ ደውሎላት ነበር። በዚህ ተክል ወገን ውስጥ ካፌይን ተገኝቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ይህም በራሱ አዲስ ነገር ነው፣ እሱን ጻፊ ብሏታል። እንደ ተመኘችው ባይሆንም ርዕሱ ይተርፍላታል። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። እኔ ብርጭቆ ማጠቢያው ጋ ቆሜ አንዱን ጠርሙስ ስንቴ እንዳጠብኩት አላውቅም። ዝም ብል ዶክቶራ ትሆናለች። ማንም አያውቅም። አንድ ቀን ግን ሌላ አገር ያለ ሌላ ሰው ያንኑ ቅጠል ለቅሞ ይሞክረዋል፣ ካፌይን ያጣበታል፣ ውሸታም የምትባለው እሷ ናት። ጠርሙሱን አስቀምጬ ወደ እሷ ዞርኩ።

"ዶክቶራ፣ ቡናው የኔ ነው" አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ዱዓውን፣ እፍኙን፣ አፌን ከፍቼ የዘጋሁትን፣ ለቃቅሜ የተውኩትን። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ከመሳቢያ ያንን ቅጽ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችና በራሴ እጅ እንዳስተካክለው ነገረችኝ። "የለም" ያልኩትን ሰርዤ "አንድ እፍኝ የቡና ገለባ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የጻፈችውን ሁሉ አጠፋችው። "ከዛሬ ጀምሮ ዶክቶራ ብለህ እንዳትጠራኝ" አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰላምታዬን በአንገቷ ነው የተቀበለችኝ። እኔም እህል አልበላ አለኝ፤ እኔ፣ ግማሽ ባስቡሳ ብቻዬን የምበላው።

በሦስተኛው ቀን ስልኳን ይዛ መጣች። ያ የሰሌዳው ፎቶ ነው። ያቺን ትንሽ ብርቱካናማ ነጠብጣብ በጣቷ አጉልታ አሳየችኝ። ካፌይን ያንን ቀለም እንደ ሌሎቹ አልካሎይዶች አይዝም፤ ደስታዋ ነው ያስረሳት። እንግዲህ ቦግ ያለችው የተክሉ የራሱ ናት፤ እኛ ቆሻሻ ያልናት። ያላ፣ ሽማግሌው ጋ ውሰደኝ አለች።

መኪናዋን ራሷ ነዳች። እናቷ ጋቢና፣ እኔ ከኋላ ከባዶ ጆንያዎቹ ጋር። እናትየዋ ፉል የሚሉትን ነጭ የጃስሚን አበባ አንገቷ ላይ አድርጋ፣ መኪናው ሁሉ እሱን እሱን እየሸተተ፣ መንገዱን ሙሉ ልጄን ያስለቀሳት ሐበሻ ይኼ ነው? እያለች ታሾፍብኛለች። ሸለቆው ስንደርስ ፍየሎቹ ቆመዋል፣ እረኛ የለም። የማያውቁት የመኪና ድምፅ ሲሰሙ አያ ከድንጋይ ጀርባ ይገባሉ። በአገራችን አጠራር ሁለቴ ስጣራ ልብሳቸውን እያራገፉ ወጡ፤ ሴቶቹን ሲያዩም ከእኔ በተሻለ ዓረብኛ አህለን አሏቸው።

ቂሽሩ የሠራውን ነገርኳቸው። አንቱ፣ ይህን ጊዜ ቅጠሉን ብቻ፣ ቂሽር አይግባበት አልኩ እየፈራሁ።

"ያለ ቂሽር ማን ይጠጣዋል? መራራ እኮ ነው" አሉኝ።

"የሚጠጣው ማሽን ነው፣ አያ።"

"ማሽኑ ምላስ የለውም?"

"የለውም።"

"ሚስኪን" አሉና ከልባቸው አዘኑለት።

ለካ እኔ የምፈራው እሳቸው ዘንድ ምንም አልነበረም። ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው፤ ሁለት ቃል ሰስቼ ሁለት ወር በላሁባት። አያ ይባስ ብለው ጥፋቱ የእሳቸውም እንደሆነ ተናገሩ። ጆንያ ይሙሉልን ስለተባሉ ደካማውንም ጠንካራውንም አንድ ላይ ነው የለቀሙት። ደካማና ጠንካራውን በምን እንደሚለዩ ዶክቶራ ስትጠይቃቸው በአገጫቸው አንዲት ፍየል አሳዩን። አሮጊት ናት፣ አንድ ቀንዷ የተሰበረ፣ ጠባይዋ ከእህቴ የባሰ። ሌሎቹ ፍየሎች ሲያዩዋት ዘወር ይላሉ። አያ ውሃው ዳር ወዳለው መራሪት ነዷት፤ ቀነጠሰች። ድንጋያማው ላይ ወዳለው ነዷት፤ አሸተተች፣ አነጠሰች፣ ጭራዋን ሰጥታው ሄደች። አያ ለሰው ሲሰጡ እሷ የተወችውን ነው የሚለቅሙት። ዶክቶራ ይህን ሁሉ በማስታወሻዋ ስትጽፍ እጇ አልደርስ አላት። እናትየዋም በመሐል ጉልበቷን ለአያ እያሳየች ስለ መድኃኒቱ ትጠይቃለች፤ ሽማግሌው ሁለቱ ሴቶች ሐኪም ያደረጓቸው ይመስል ደረታቸውን ነፍተዋል።

ፍየሏ ያነጠሰችበትን ብቻ ለቀምን። እያንዳንዷን ቅጠል እኔ ራሴ ጆንያ ላይ አይቻታለሁ። ቅጹ ላይ ለቃሚ በሚለው ቦታ ስሜን ጻፍኩ፣ መራጭ የሚል ቦታ ስላልነበረ ከጎን "መራጭ፦ ፍየል" ብዬ ጨመርኩ። ዶክቶራ አየችው። አልሰረዘችውም፤ ጥፋቴን ከነገርኳት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው።

ይህን ጊዜ መርፌ አልበቀለልንም። የወጣው ብልቃጥ ቂጥ ላይ የተጣበቀች ቢጫ ሙጫ ናት፣ ጠብታ ማር የምታህል፣ ምንም የማታምር። ሰሌዳው ላይ ቀለሙ ሲረጭባት ግን ቦግ። ዶክቶራ ያቺን ጠብታ ከሌላው ለማጽዳት ቀን በቀን ቆማ ሠራች፤ እኔም ብርጭቆ ሁሉ እንደ ቁርባን ዕቃ ሁለት ሁለቴ እያጠብኩ። ላከችው። ሻዕባን ገብቶ ሊያልቅ ሆነ። ሰው ሁሉ ለረመዳን ሸመታ ይሯሯጣል፣ እኛ ስልክ እናያለን።

ማጠቢያው ጋ ነበርኩ። መጥታ ከጎኔ ቆመች፤ ቧንቧውን ዘጋችው።

"የትም የለም" አለችኝ። "በየትኛውም መዝገብ። አዲስ ነው።"

ሞለኪውሉ በምን በምን እንደተያያዘ እርጥብ ጠረጴዛ ላይ በጣቷ ሣለችልኝ፣ ቀለበት፣ ከጎኑ ሌላ ቀለበት፣ አንዲት ናይትሮጂን ጥግ ይዛ። እንባዬ መጣ። አሞኒያው ነው አልኳት። አሞኒያ ካለቀ ሳምንቱ ነው አለችኝ፤ ከዚያ አሁን ዶክቶራ ብትለኝ አልቆጣም አለች። ቀኑን ሙሉ ያለ ምክንያት ስጠራት ዋልኩ።

የዶክትሬት ጽሑፏን ተከራክራ ያለፈችው ከዒድ በኋላ ነው። በሳምንቱ እንደገና ሦስታችን ወደ ዳማድ ወረድን። አዲስ አልካሎይድ ያገኘ ሰው ስም ማውጣት መብቱ ነው፤ ዶክቶራ የሽማግሌውን ስም ልትሰጠው ቆርጣለች። ይህን ስትነግራቸው የአያ ፊት ጠቆረ። በትህትና ነው የመለሱላት። ስማቸው በዚህ አገር በምንም ወረቀት ላይ የለም፣ እስካሁን ያኖራቸውም ይኸው ነው፤ ይቅርባቸው፣ የትም እንዳይጻፍ። ዶክቶራ አንገቷን ደፋች። እሷ ስሟን በማኅተም ስታስጽፍ፣ ያንን መድኃኒት ያሳዩን ሰውዬ ምስጋና እንኳ በስማቸው ሊደርሳቸው አይችልም። እኔም ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

አያ ናቸው ያሳቁን። የመረጠችው እሷ አይደለች እንዴ፣ የእሷን ስም ስጪው አሉ፣ ወደዚያች ባለ አንድ ቀንድ እያሳዩ። ዶክቶራ አላመነታችም። አሁን ያ አልካሎይድ ሊቃውንት በሚያነቡት መጽሔት ላይ የአንዲት የዳማድ ፍየል ስም ይዞ ይኖራል። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ፍየሏን የሚያውቅ እረኛዋን ያውቃል።

ዶክቶራ ሥዕሉን በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ አትማ ይዛላቸው ነበር፤ ቀለበቶቹን፣ ያቺን ናይትሮጂን፣ ከሥር የፍየሏን ስም። አያ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደላይ ወደታች አገላበጡት።

"ኸላስ፣ አሁን እኔም ወረቀት አለኝ" አሉ፤ ቀጥለውም "ማኅተም የለውም እንጂ" ብለው ሳቁ።

እናትየዋ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ዶክቶራ አልሳቀችም። ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብላ የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋችው፤ እስክሪቢቶ አውጥታ ቀኑን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ከስሟ በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ "ዶክቶራ" ብላ። አያ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት። አራት አጥፈው ቂሽራቸውን በሚቋጥሩበት ፌስታል ጠቀለሉትና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ፍየሎቹ ወደ ማሽላው እየሄዱ ስለነበር ዱላቸውን አንስተው ተከተሏቸው።